የቀጋ አተካከልና አያያዝ

ቀጋ በደጋና በወይና ደጋ፣ በጫካ ዳርና በወንዝ ዳርቻ የሚገኝ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ወገኑ ከጽጌረዳ ሲሆን ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። ክረምቱ ሲወጣ ነጫጭ፣ ባለ አምስት ቅጠል አበቦች ያብባል። ሽታው ቀለል ያለ ነው፤ ቢሆንም ጧት በአጥሩ አጠገብ ለሚያልፍ ሰው ይታወቀዋል። ቀይ ፍሬውን እረኞች ይበሉታል።

በየዓመቱ እሾህ ቆርጦ ግቢውን የሚያጥር ገበሬ አንድ ጊዜ ቀጋ ቢተክል ጫካውም ጉልበቱም ይተርፍለታል። ችግሩ ዘሩ ነው። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ለመብቀል ወራት ይፈጅበታል። እኛም ባንድ ወቅት መደቡን ሦስት ወር አጠጥተን፣ ሞቷል ብለን አፈሩን ወደ ዳር ጣልነው፤ ቡቃያው በሚቀጥለው ክረምት ከጣልነው አፈር ላይ ወጣ። ስለዚህ በዘር የሚያባዛ ሰው በደንብ የቀላውን ፍሬ ለቅሞ፣ ሥጋውን አሽቶ በማጠብ፣ ዘሩን ከእርጥብ አሸዋ ጋር ደባልቆ በቀዝቃዛ ጥላ ሥር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያቆየው፤ ከተዘራም በኋላ መደቡን ቶሎ አይገልብጥ። በፍሬው ውስጥ ያለው ጸጉር ቆዳ ስለሚያሳክክ ከታሸ በኋላ እጅን መታጠብ ይገባል።

ለመቸኮል ቁራጭ ይሻላል። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ካለው፣ በመጠኑ ከጠነከረ ቅርንጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከአንጓ ሥር ተቆርጦ፣ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ እንዲገባ ሆኖ በጥላ መደብ ይተከላል። ሥር ሲይዝ በክረምት መግቢያ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። ለአጥር በተክሎች መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጉድጓዱ የበሰበሰ ፍግ ይጨመርበት፤ ውኃ የሚተኛበት ቦታ ግን አይስማማውም። እሾሁ እስኪጠነክር ድረስ ፍየል እንዳይደርስበት መከላከል ያስፈልጋል፤ ለጋውን ቅጠል እሾህ አለው ብላ አትተወውም።

አገራረዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለእንቁጣጣሽ ግቢው እንዲያምር ተብሎ አጥሩ ይከረከማል፤ አበባው ግን የሚወጣው ባለፈው ዓመት ካደገው ቅርንጫፍ ስለሆነ አብሮ ይቆረጣል። በዚያ ዓመት አበባም ፍሬም አይኖርም። መግረዝ የሚገባው ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ያረጀውንና የደረቀውን ከሥሩ አውጥቶ ለጋውን መተው ነው።