በሊኑክስ ለሚሠራ ሰው የላፕቶፕ ግራፊክስ ካርድ ስለ መምረጥ

ላፕቶፕ ለመግዛት ያሰበ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት፣ ስለ ራሙ መጠንና ስለ ዋጋው ነው። ግራፊክስ ካርዱን የሚያስታውሰው ምናልባት ጨዋታ የሚወድ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በዊንዶውስ ለሚሠራ ሰው ይህ ብዙ ጉዳት አያመጣበትም፤ ካርዱን የሠራው ኩባንያ ድራይቨሩንም አዘጋጅቶ ያቀርብለታልና። የምንጭ ኮዱ ለሁሉ ክፍት በሆነው በሊኑክስ ለሚሠራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማያው ሲጨልም፣ ባትሪው ያለ ጊዜው ሲያልቅ፣ ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ማሽኑ አልነቃ ሲል፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከግራፊክስ ካርዱ ዘንድ ነው። የዴስክቶፕ ካርድ ባይስማማ ተነቅሎ ሌላ ይተካል። የላፕቶፕ ካርድ ግን ከጥቂቶች በቀር ከማዘርቦርዱ ጋራ የተበየደ ወይም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ስለ ሆነ፣ ካርዱን መምረጥ ማለት ላፕቶፑን ራሱን መምረጥ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ተማሪው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምን ማየት እንደሚገባው ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ድራይቨር የሚባለውን ፕሮግራም ማወቅ ያስፈልጋል። ካርዱ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ትእዛዝ ተቀብሎ እንዲሠራ አስተርጓሚ ያሻዋል፤ ድራይቨር ማለት ይኸው አስተርጓሚ ነው። በሊኑክስ ላይ አስተርጓሚው በሁለት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን በከርነሉ፣ ማለት በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ ይኖራል፤ ማያውን የሚያበራ፣ የካርዱን ሜሞሪ ለየፕሮግራሙ የሚያከፋፍል፣ ካርዱ ሥራ ሲፈታም ኀይሉን የሚቀንስ እርሱ ነው። ሁለተኛው ወገን ከከርነሉ ውጭ ሆኖ፣ ፕሮግራሞች በኦፕን ጂኤል ወይም በቩልካን አማካይነት የሚያዝዙትን ካርዱ ወደሚያውቀው ትእዛዝ ይለውጣል። ለዚህ ለሁለተኛው ሥራ በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚያገለግለው ሜሳ የተባለው ሶፍትዌር ነው፤ ብራያን ፖል በ1993 ጀምሮ በ1995 ለሕዝብ ያወጣው ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ከርነል ውስጣዊ አሠራሩ በየጊዜው ይለወጣል። ለውጡን ያመጣ ሰው በከርነሉ ምንጭ ውስጥ የሚገኙትን ድራይቨሮች ሁሉ አብሮ እንዲያስተካክል ይጠበቅበታል፤ በውጭ ላለ ድራይቨር ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ስለዚህ በውጭ ያለው ከርነሉ በታደሰ ቍጥር እንደ ገና መገንባት አለበት። ይህን ሥራ ዲኬኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ ብዙ ጊዜ በራሱ ይፈጽመዋል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አይፈጽመውም፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ማሽኑን ሲያስነሣ የሚያየው ጥቍር ማያ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ ሁለት ቀን ለቀረው ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት «የትኛው ካርድ ይፈጥናል?» ከሚለው አስቀድሞ «ድራይቨሩ የሚኖረው የት ነው? የሚጠብቀውስ ማን ነው?» ተብሎ መጠየቅ ይገባል። በላፕቶፕ ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የሦስት ኩባንያዎች ካርዶች ስለ ሆኑ፣ ጥያቄውን በእነርሱ ላይ እንፈትነው።

የኢንቴል ጉዳይ አጭር ነው። የኢንቴል ግራፊክስ በአብዛኛው ላፕቶፕ ውስጥ ከፕሮሰሰሩ ጋራ አብሮ የተሠራ ነው፤ አይ915 የተባለው ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የቈየ ሲሆን፣ የሚጽፉትም በአብዛኛው የኢንቴል ሠራተኞች ናቸው። ለአዲሶቹ ቺፖች ኤክስኢ የተባለ ሌላ ድራይቨር በመጋቢት 2024 በወጣው በ6.8 ከርነል ገብቷል። የዚህ ዓይነት ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከማሽኑ ራም ይበደራል፤ ስለዚህ ራሙ በአንድ ዘንግ ብቻ የተሰካ እንደ ሆነ ፍጥነቱ በእጅጉ ይቀንሳል። ኢንቴል አይሪስ ኤክስኢ ብሎ የሚጠራው ግራፊክስ እንኳ በአንድ ዘንግ ራም ሲሠራ ስሙ ወደ ተራው ዩኤችዲ ይመለሳል። ሁለተኛ ዘንግ ራም መጨመር የሚቻልበትን ማሽን መግዛት እንግዲህ በርካሽ ዋጋ ግራፊክስ እንደ መጨመር ነው።

ኤኤምዲ ኤቲአይን የገዛው በ2006 ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ2007፣ ስለ ካርዶቹ አሠራር የሚገልጹ ሰነዶችን ለሕዝብ እንደሚያወጣ አስታውቆ ማውጣት ጀመረ። የዚህን ውሳኔ ፍሬ ለመመልከት የራድቪን ታሪክ ማየት ይበቃል። ኤኤምዲ ለቩልካን የሚሆን ክፍት ድራይቨር እንደሚያወጣ ተናግሮ ሲዘገይ፣ ዴቭ ኤርሊና ባስ ኒዉወንሀውዘን የተባሉ ሁለት ፕሮግራመሮች ከኩባንያው ውጭ ሆነው በ2016 ራድቪን በሜሳ ውስጥ ጀመሩ። የኩባንያው የራሱ ድራይቨር ምንጩ የተከፈተው በ2017 መጨረሻ ላይ ነበር። በ2025 ደግሞ ኤኤምዲ የራሱን ክፍት ድራይቨር ትቶ ራድቪን እንደሚደግፍ ገለጸ። ባለቤቱ ቢዘገይ ወይም ቢደክም ሌላ ሰው ሥራውን አንሥቶ ሊቀጥል መቻሉ፣ ምንጩ የተከፈተ ድራይቨር ለገዢው የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ይመስለኛል። በከርነሉ በኩል ያለው ኤኤምዲጂፒዩ የተባለው ድራይቨርም በ2015 በ4.2 ከርነል ገብቶ እስከ ዛሬ ያገለግላል።

በኤኤምዲ በኩል መጠንቀቅ የሚያሻው በስሞቹ ነው። ራይዘን 7 7840ዩ የተባለው ፕሮሰሰር 780ኤም የተሰኘውን ጠንካራ ግራፊክስ ይዟል፤ ራይዘን 7 7730ዩ ግን በስም የቅርብ ዘመዱ ቢመስልም የያዘው የቀድሞውን ቬጋ ነው። ሚስጥሩ ያለው በሦስተኛው አኀዝ ነው፤ 4 ሲሆን የዜን 4 ትውልድ፣ 3 ሲሆን የዜን 3 ትውልድ መሆኑን ያመለክታል። ሁለቱም በሊኑክስ ላይ በደንብ ይሠራሉ፤ ነገር ግን የአንዱን ዋጋ ከፍሎ ሌላውን መውሰድ ኪሳራ ነው።

ወደ ኤንቪዲያ ስንመጣ ግን ታሪኩ ይረዝማል። ኩባንያው ለብዙ ዘመን ለሊኑክስ የሚሰጠው ምንጩ የተዘጋ ድራይቨር ብቻ ነበር። ፈቃደኞች ካርዱ እንዴት እንደሚሠራ ከውጭ እየመረመሩ ኑቮ የተባለ ክፍት ድራይቨር ጻፉ፤ ይህም በ2010 በ2.6.33 ከርነል ገባ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 በፊንላንድ አገር በአልቶ ዩኒቨርሲቲ ሲናገር ኤንቪዲያን እዚህ ሊጻፍ በማይገባ የጣት ምልክት መሳደቡ በፊልም ተቀርጾ ብዙ ሰው አይቶታል። ከዚያም በኋላ ነገሩ ከፋ፤ በ2014 መጨረሻ ከወጣው ከሁለተኛው የማክስዌል ትውልድ ጀምሮ ካርዶቹ ኩባንያው ያልፈረመበትን ፈርምዌር አንቀበልም አሉ። ስለዚህ ኑቮ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ ተሳነው፤ ካርዱ ሲነሣ በነበረው ዝቅተኛ ፍጥነት ተወስኖ ቀረ።

በግንቦት 2022 ግን ኤንቪዲያ በከርነሉ በኩል የሚሠራውን የድራይቨሩን ወገን ምንጭ ከፈተ። ይህ ክፍት ወገን የሚያገለግለው በ2018 ለወጣው ለቱሪንግ ትውልድና ከዚያ በኋላ ለመጡት ብቻ ነው፤ እነዚህ ካርዶች በውስጣቸው ጂኤስፒ የሚባል ረዳት ፕሮሰሰር ስላላቸው ቀድሞ ድራይቨሩ ይሠራው የነበረው ብዙ ሥራ ወደዚያ ተዛውሯል። ኑቮም በ2024 መጀመሪያ በወጣው በ6.7 ከርነል በዚሁ በጂኤስፒ መገልገል ስለ ጀመረ የእነዚህን ካርዶች ፍጥነት ከፍ ማድረግ ችሏል፤ በሜሳ ውስጥም ኤንቪኬ የተባለ የቩልካን ድራይቨር አድጓል። በሌላ በኩል ኩባንያው በ2025 ማክስዌልን፣ ፓስካልንና ቮልታን የሚደግፈው የመጨረሻው የድራይቨር ተርታ 580 መሆኑን አስታወቀ።

ከላይ የተነገረው ሁሉ ዝናቡ የሚወርድበት ቦታ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛው ተማሪ ነው። በከተማችን ሱቆች ጂቲኤክስ 1050 ወይም 1060 የያዘ ያገለገለ ላፕቶፕ «የጌም ማሽን ነው» ተብሎ ተወድሶ ይሸጣል። እነዚህ ካርዶች የፓስካል ትውልድ ናቸው። የኩባንያው ድራይቨር ጥገና ለጊዜው ቢያገኝም መንገዱ አልቋል፤ ክፍቱ የከርነል ወገን አይቀበላቸውም፤ ኑቮም ፍጥነታቸውን ሊያነሣ አይችልም። በሁለቱም በር ተዘግቶባቸዋል ማለት ነው። ከዚያው መደርደሪያ ላይ ያለው ጂቲኤክስ 1650 ግን የቱሪንግ ትውልድ ስለ ሆነ በሩ ገና ክፍት ነው። በመልክ የማይለያዩ ሁለት ማሽኖች በዕድሜ እንዲህ ይራራቃሉ።

ኤንቪዲያ ያለበት ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግራፊክስ አለው፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋራ የተሠራው፣ ሁለተኛው ራሱን የቻለው ካርድ ነው። ኩባንያው ኦፕቲመስ ያለውን ይህን አሠራር በ2010 ሲያወጣ ለሊኑክስ አላሰበም ነበር፤ ስለዚህ ፈቃደኞች ባምብልቢ የተባለ መሣሪያ ሠሩ። በ2011 በባምብልቢ መጫኛ ውስጥ በስሕተት የገባች አንዲት ባዶ ቦታ ንኡስ ክፍልፋዩን ብቻ እንዲያጠፋ የታዘዘውን ፕሮግራም የሲስተሙን ዋና ማኅደር በሙሉ እንዲያጠፋ አድርጋው ነበር። ዛሬ ባምብልቢ አያስፈልግም፤ ከ2019 ጀምሮ የኩባንያው ድራይቨር አንዱን ፕሮግራም ብቻ ለይቶ በትልቁ ካርድ ማሠራት ይችላል። ሆኖም ሁለት ነገር ማወቅ ይገባል። አንደኛ፣ ትልቁ ካርድ ሥራ ሲፈታ ፈጽሞ እንዲጠፋ ማድረግ የሚቻለው ከቱሪንግ ጀምሮ ነው፤ ካርዱ ካልጠፋ ባትሪውን በከንቱ ይበላል፤ መብራት በሚቋረጥበት ቀን በባትሪ ለሚያጠና ሰው ይህ ከማንኛውም የፍጥነት ቍጥር ይበልጣል። ሁለተኛ፣ በብዙ ላፕቶፖች የኤችዲኤምአይ መሰኪያው የተያያዘው ከትልቁ ካርድ ጋራ ስለ ሆነ፣ በክፍል ውስጥ ፕሮጀክተር ሲሰካ የኤንቪዲያ ድራይቨር ካልሠራ ግድግዳው ላይ ምንም አይታይም።

እንዲህ ከሆነ ኤንቪዲያን ለምን እንገዛለን ይባል ይሆናል። መልሱ ኩዳ ነው። በ2007 የወጣው ይህ የስሌት መሣሪያ የሚሠራው በኤንቪዲያ ካርድ ላይ ብቻ ሲሆን፣ በማሽን ለርኒንግ ጥናት የሚገኙ ብዙ ፕሮግራሞች ለእርሱ የተጻፉ ናቸው። ኤኤምዲ በ2016 ያወጣው ሮክኤም ተወዳዳሪው ነው፤ ይሁን እንጂ የላፕቶፕ ግራፊክስን ሁሉ ስለማይደግፍ ከመግዛት በፊት የተደገፉትን ካርዶች ዝርዝር መመልከት ግድ ነው። ጥናቱ ኩዳን የሚጠይቅበት ተማሪ ቱሪንግን ወይም ከዚያ የሚያንሥ ዕድሜ ያለውን ካርድ ይግዛ፤ ከስሙም ይልቅ የካርዱን ሜሞሪና የተፈቀደለትን የኀይል መጠን ይይ። አርቲኤክስ 4060 የተባለው የላፕቶፕ ካርድ እንደ ማሽኑ አሠራር ከ35 እስከ 115 ዋት ሊፈቀድለት ስለሚችል፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ማሽኖች እኩል አይሠሩም። ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ፕሮግራም ለሚማር፣ ካርታ ለሚሥል ግን ከፕሮሰሰሩ ጋራ የተሠራው የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ግራፊክስ ይበቃዋል፤ እኔ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

እጅግ አዲስ ማሽን ለሚገዛም አንድ ነገር ማስታወስ ያሻል። ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ ከሆነ፣ ካርዱን የሚያውቀው ከርነል ከካርዱ ጋራ እኩል አዲስ መሆን አለበት። በ2023 የወጣው ደቢያን 12 ይዞት የመጣው 6.1 ከርነል ስለ ሆነ፣ ኤክስኢ የተባለውን ድራይቨር የሚፈልገውን በ2024 የወጣውን የኢንቴል ሉናር ሌክ በደንብ ሊያሠራው አይችልም፤ በ2025 የወጣው ደቢያን 13 ግን 6.12 አለው። ፈርምዌሩም መኖር አለበት፤ ምንጩ ክፍት ነው የሚባለው የሦስቱም ኩባንያዎች ድራይቨር ምንጩ ያልተከፈተ ፈርምዌር በአዲሶቹ ካርዶች ላይ ይጭናልና። የደቢያን አባላት ይህ ፈርምዌር ከመጫኛው ጋራ አብሮ እንዲቀርብ የወሰኑት በ2022 በድምፅ ብልጫ ነው።

ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ሳይጫን የሚሠራ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ በኪሱ ይያዝ፤ ሻጩንም በእርሱ ለማስነሣት ያስፈቅደው። ማሽኑ ሲነሣ በሲስተሙ መግለጫ ገጽ ላይ የግራፊክሱን ስም ይመልከት፤ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ከተጻፈ ድራይቨሩ ካርዱን አላወቀውም፤ ሥዕሉን ሁሉ እየሠራ ያለው ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው። ከዚያም የማያውን ብርሃን ከፍና ዝቅ ያድርግ፤ በኤችዲኤምአይ ሌላ ማያ ይሰካ፤ ክዳኑን ዘግቶ ጥቂት ደቂቃ ቈይቶ ይክፈት። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ለዚህ የማይፈቅድ ሻጭ ያጋጠመው ሰው ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይለፍ።