በክረምት መውጫ የሌሊት ሰማይ ላይ ምን ይታያል?

የሌሊቱን ሰማይ ለጀማሪ የሚያስተዋውቁ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለሚኖር አንባቢ በመሆኑ፣ ስለ ነሐሴና ስለ መስከረም ሰማይ የሚሰጡት መግለጫ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች እንዳለ አይሠራም። በእነዚያ አገሮች እነዚህ ሳምንታት የሞቃታማው ወቅት ማብቂያ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ግን ክረምቱ የሚወጣባቸውና ሰማዩን ሸፍኖ የከረመው ደመና እየሳሳ የሚሄድባቸው ናቸው። ልዩነቱ በአየር ጠባይ ብቻ አይወሰንም፤ ከአዲስ አበባ የሚታየው ሰማይ ከለንደንም ሆነ ከዋሽንግተን ከሚታየው ይሰፋል፣ ከዋክብቱ የሚታዩበት አቅጣጫና ከፍታም የተለየ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ተመልካች ሰማዩን ማንበብ ያለበት ከቆመበት ምድር ተነሥቶ ነው።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ኬክሮስ ነው፤ ኬክሮስ የሚባለው አንድ ቦታ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት በዲግሪ ሲለካ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከአድማሷ በታች ሁልጊዜ ተደብቆ የሚቀረው በደቡባዊው የሰማይ ዋልታ ዙሪያ ያለው ጠባብ ክፍል ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከጠቅላላው ሰማይ ከመቶ 99 እጅ ያህሉ በዓመት ውስጥ በየተራ ይታይባታል። ከዋሽንግተን የሚታየው ከመቶ 89 እጅ ገደማ፣ ከለንደን የሚታየው ደግሞ 81 እጅ ገደማ ነው። በአንጻሩ በሰሜኑ ዓለም መንገደኛን ሲመራ የኖረው የዋልታ ኮከብ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከአድማስ በላይ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ተራራ ወይም ሕንፃ በቀላሉ ይጋርደዋል።

በመስከረም ፀሐይ በአዲስ አበባ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በምድር ወገብ አካባቢ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ስለሆነ ድንግዝግዙ ቶሎ ያልቃል፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ጨልሟል። ተመልካቹ ጨረቃ የማትታይበትን ምሽት ቢመርጥ፣ ዐይኑም ጨለማውን እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያለ ስልክና ያለ አምፖል ብርሃን ቢቆይ፣ በመጀመሪያው ደቂቃ ካያቸው ከዋክብት እጅግ የሚበዙትን ያያል።

መነሻ የሚሆነው ኮከብ አልታይር ነው። በመስከረም አጋማሽ ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ አልታይር በአዲስ አበባ ላይ በቀጥታ ከአናት በላይ ይደርሳል፤ በሰማይ ላይ ያለው ቦታ ከከተማዋ ኬክሮስ ጋር ሊገጥም ጥቂት ብቻ የቀረው በመሆኑ፣ ይህን ኮከብ ለማግኘት ቀና ብሎ ማየት በቂ ነው። ርቀቱ 17 የብርሃን ዓመት ያህል ነው፤ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጓዘው ርቀት ስለሆነ፣ ዛሬ ወደ ተመልካቹ ዐይን የሚገባው የአልታይር ብርሃን ጉዞውን የጀመረው አሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ልጅ በተወለደበት ጊዜ ነው። ከአልታይር ወደ ሰሜን ሲታይ በስተግራ ቬጋ፣ በስተቀኝ ደግሞ ዴኔብ ይገኛሉ፤ ሦስቱ ተያይዘው ሰፊ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ቬጋ በ25 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ ኮከብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1850 ከፀሐይ ቀጥሎ በፎቶግራፍ የተነሣ የመጀመሪያው ኮከብ ሆኗል። ዴኔብ ከሦስቱ ደብዛዛው ቢመስልም ከአንድ ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ሳለ እንዲህ ጎልቶ የሚታየው ከፀሐይ በብዙ አሥር ሺህ እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ስለሚረጭ ነው፤ ለዐይን የሚታየው ድምቀት የኮከብን እውነተኛ ኃይል እንደማይነግር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የወቅቱ ሀብት የሚገኘው ግን በደቡብ ምዕራብ ነው። በዚያ አቅጣጫ፣ ከአድማስ በላይ ሠላሳ ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ አንታሬስ የተባለው ቀይ ኮከብ ዐቅራብ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ልብ ላይ ይታያል፤ አንታሬስ ዕድሜው ወደ ማብቂያው የተቃረበና እጅግ ያበጠ ኮከብ ሲሆን፣ በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ የምድርን ምሕዋር በውስጡ ይጠቀልለው ነበር። ከዐቅራብ በስተምሥራቅ ቀውስ የተባለው የከዋክብት ስብስብ አለ፤ በዚህ ሥፍራ ፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም ፀሐይን ጨምሮ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብትን የያዘው ረጨት፣ እጅግ ሰፍቶና ደምቆ ይታያል፤ ምክንያቱም ተመልካቹ የሚያየው 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ወደሚርቀው ወደ ረጨቱ ማዕከል ነው። በማዕከሉ ላይ የአራት ሚሊዮን ፀሐዮችን ያህል ክብደት ያለው ጥቁር ጉድጓድ መኖሩ በከዋክብቱ እንቅስቃሴ የተረጋገጠ ሲሆን፣ ምስሉም እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ ይፋ ሆኗል። ይህ ማዕከል በለንደን ከአድማስ በላይ ከ10 ዲግሪ አይዘልም፤ በአዲስ አበባ ግን 52 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። የኢትዮጵያ ሰማይ ብልጫ ከምንም በላይ የሚገለጠው በዚህ ነው።

ሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሆን በሰሜን ምሥራቅ በኩል አንድሮሜዳ የተባለው ረጨት በቂ ከፍታ ላይ ይደርሳል። ጨለማ በሆነ ገጠር ያለ መሣሪያ እንደ ቀጭን ጭጋግ የሚታየው ይህ አካል 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ በመሆኑ፣ የሰው ዐይን ያለ መሣሪያ በቀላሉ ሊያያቸው ከሚችላቸው ነገሮች እጅግ የራቀው ነው። የፋርሱ የሥነ ፈለክ ሊቅ አል ሱፊ በ10ኛው መቶ ዘመን መዝግቦት የነበረ ሲሆን፣ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለ ራሱን የቻለ ረጨት መሆኑን ያረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ኤድዊን ሀብል ነው።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለሚኖሩ የአማርኛ አንባቢዎች ደግሞ ወቅቱ የራሱ ስጦታ አለው። በየዓመቱ ነሐሴ 6 እና 7 አካባቢ ምድር እ.ኤ.አ. በ1862 የታወቀው ስዊፍት ተትል የተባለ ጅራታም ኮከብ በተወው አቧራ ውስጥ ስለምታልፍ፣ ፐርሰይድ የሚባሉት ተወርዋሪ ከዋክብት በብዛት ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ብልጭታ በሰከንድ 59 ኪሎ ሜትር እየተምዘገዘገ ከባቢ አየር ውስጥ የሚነድ ቅንጣት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ እነዚህን ብዙውን ጊዜ የነሐሴ ደመና ይጋርዳቸዋል።

ከንጋቱ በፊት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ኦሪዮን የተባለው የከዋክብት ስብስብ ወደ አናት ተጠግቷል፣ ከሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ሲሪየስ በደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሏል፣ ከእርሱ በስተደቡብም በድምቀት ሁለተኛ የሆነው፣ በለንደንና በዋሽንግተን ግን ጨርሶ የማይወጣው ካኖፐስ ይታያል። ሲሪየስ ከኢትዮጵያ ጋር የቆየ ግንኙነት አለው፤ የጥንት ግብፃውያን ይህ ኮከብ ሰባ ቀን ያህል ተሰውሮ ከቆየ በኋላ ጎሕ ሲቀድ ዳግመኛ ሲታይ የዓባይ ሙላት መቃረቡን ያውቁ ነበር፣ ያን ሙላት የሚያመጣው ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ የሚዘንበው ክረምት ነው። በ30 ቀን ወራትና በማሟያ ቀናት የተዋቀረው የግብፃውያን ዓመትም በእስክንድርያ በኩል ለኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር መሠረት ሆኖ፣ የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት እስከ ዛሬ ይቆጠራሉ።

እነዚህን ነገሮች በአንድ ምሽት ማየት ያልቻለ ሰው ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም። ምድር ፀሐይን ስለምትዞር እያንዳንዱ ኮከብ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይወጣል፤ በመስከረም አጋማሽ 4 ሰዓት ላይ የታየው ሰማይ በጥቅምት አጋማሽ 2 ሰዓት ላይ ይመለሳል፣ ያኔም ደመናው ይበልጥ ጠርቷል። ከደመናው የሚከፋው እንቅፋት የከተማ ብርሃን ነው፤ በእንጦጦ ተራራ ላይ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የሥነ ፈለክ ማዕከል እንኳ ከሥሩ የተንጣለለው የአዲስ አበባ ብርሃን ይፈታተነዋል። ስለዚህ ለመስቀል በዓል ወደ ገጠር የሚወርድ ሁሉ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ከ2 ሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዞ ወደ ደጅ ይውጣ፣ አልታይርን ከአናታቸው በላይ፣ ፍኖተ ሐሊብንም በደቡብ ምዕራብ ያሳያቸው፤ ለዚህ ትምህርት ዐይንና ጨለማ ይበቃሉ።