የጎድን አጥንቶችና ፍርምባ በራጅ ፊት

ደረቱን የተመታ ወይም ከደረጃ ላይ የወደቀ ሰው ወደ ራጅ ክፍል በገባ ጊዜ ሠራተኛው አንዴ «አየር ስበው ይያዙ» ይለዋል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ «አየሩን አስወጥተው ይቆዩ» ይለዋል። የሚነሣው ፍርምባው እንደ ሆነም «ቀስ እያሉ ይተንፍሱ» ብሎ ያዘዋል። በሽተኛው ይህን የተለያየ ትእዛዝ ሲሰማ ሠራተኛው የሚያደርገውን የማያውቅ ይመስለው ይሆናል፤ ሕመሙም ስለሚያይልበት ትእዛዙን በግማሽ ብቻ የሚፈጽም አለ። ነገር ግን እያንዳንዱ ትእዛዝ ከደረት አሠራር የመነጨ ምክንያት ያለው ነው፤ ሳይፈጸም የቀረ እንደ ሆነ ስብራቱ በሥዕሉ ላይ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

የሰው ጎድን በያንዳንዱ ወገን 12፣ በጠቅላላው 24 ነው። ሁሉም ከኋላ ከአከርካሪ ጋር የተያያዙ ናቸው። ከላይ ያሉት 7 ጥንዶች በየራሳቸው ልም አጥንት ከፍርምባ ጋር ይገናኛሉ፤ 8ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው ከበላያቸው ባለው ጎድን ልም አጥንት ላይ ይደገፋሉ፤ የ11ኛውና የ12ኛው ጫፍ ግን ከፊት ከምንም ሳይያያዝ በሥጋ ውስጥ ይቀራል። ወንድ ከሴት በአንድ ጎድን ያንሳል የሚል አሳብ ዛሬም በተማሪዎች ዘንድ ይሰማል፤ እንድርያስ ቬሳሊዩስ የተባለው የአካል ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ ቁጥሩ በሁለቱም እኩል መሆኑን ገልጿል።

ፍርምባ ሦስት ክፍል አለው። ከጉሮሮ ሥር ካለው ጎድጓዳ ስፍራ ጀምሮ ጣትን ወደ ታች ቢያንሸራትቱ ጥቂት ወረድ ብሎ ጉብ ያለ መሥመር ይገኛል፤ በዚያ ትክክል በሁለቱም ወገን ያለው 2ኛው ጎድን ነው። ሐኪሞችም ጎድን መቍጠር የሚጀምሩት ከዚያ ነው። የመጨረሻው ትንሽ ጫፍ እስከ 40 ዓመት ገደማ ድረስ ልም አጥንት ሆኖ ይቆያል፤ አንዳንድ ሰው በእጁ ሲነካው እብጠት መስሎት ይደነግጣል።

ቪልሄልም ሮንትገን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ያገኘው ይህ ጨረር የሚሰጠን የጥላ ሥዕል ነው። እጅን ወደ ግድግዳ አስጠግተው መብራት ቢያበሩበት ጥላው ጥርት ይላል፤ ከግድግዳው ቢያርቁት ግን ጥላው ይሰፋል፤ ጠርዙም ይደበዝዛል። ስለዚህ በፊት በኩል የሚያመው ሰው ደረቱን፣ በኋላ የሚያመው ጀርባውን ወደ ፊልሙ፣ ወይም ዛሬ በብዙ ስፍራ ፊልሙን ወደ ተካው ሰሌዳ ያስጠጋል። «ደረቴን ነው የሚያመኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የሚያመውን ስፍራ በአንድ ጣት ማሳየት ያስፈልጋል። ጎድን በብብት በኩል ስለሚታጠፍ ፊት ለፊት በተነሣው ሥዕል እጥፋቱ በራሱ ላይ ይደረባል፤ ይህንንም ለመግለጥ በሽተኛው 45 ዲግሪ ያህል ዘወር ብሎ እንደ ገና ይነሣል።

ስለ ትንፋሽ የሚሰጠው ትእዛዝ ከድያፍራም፣ ማለት ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ የተነሣ ነው። አየር በጥልቅ ሲሳብ ድያፍራም ይወርዳል፤ የላይኞቹም ጎድኖች በአየር በተሞላው ሳንባ ላይ ጎልተው ይታያሉ። የታችኞቹ ግን በጉበትና በጣፊያ ትይዩ ስለ ሆኑ፣ አየሩ ሲወጣና ድያፍራም ከፍ ሲል ነው የሚገለጡት።

ፍርምባ ከሁሉ ያስቸግራል፤ ፊት ለፊት ቢነሣ የአከርካሪ ጥላ ይሸፍነዋል። ስለዚህ በሽተኛው በደረቱ በኩል ወደ ሰሌዳው ሆኖ፣ ቀኝ ወገኑን አስጠግቶ ግራውን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያነሣል። በዚህ ጊዜ ፍርምባው ከአከርካሪው ወጥቶ በልብ ጥላ ላይ ያርፋል፤ ደረቱ ስስ የሆነ ሰው የበለጠ መዞር ያስፈልገዋል። ጨረሩ ለሁለት ወይም ለሦስት ሴኮንድ ሲበራ በሽተኛው ቀስ ብሎ ቢተነፍስ ጎድኖቹና የሳንባ ሥሮች ስለሚንቀሳቀሱ ይደበዝዛሉ፤ ፍርምባው ግን ጥርት ብሎ ይቀራል። በጎን ሲነሣ ደግሞ እጆቹን ከጀርባው አጣምሮ ትከሻውን ወደ ኋላ ይስባል፤ አየርም ስቦ ይይዛል። የአንገት መስቀል፣ የብረት ቁልፍና በደረት ላይ የወረደ ሹሩባ ጥላ ስለሚጥሉ አስቀድሞ ይነሡ። ያረገዘች ወይም ያረገዘች የሚመስላት ሴትም ይህን አስቀድማ ትናገር።

እንዲህም ሆኖ ከቦታው ያልተናወጠ ስብራት በመጀመሪያው ሥዕል ላይ ላይታይ ይችላል። ሐኪሙ አብልጦ የሚፈልገው ሳንባው መቀደዱን ነው፤ ጎድኑ ራሱ በሚበዛው ጊዜ በ6 ሳምንት ገደማ ይጠግናል። ወጌሻ እጅና እግርን ለመጠገን የለመደው ጥበብ ለጎድን አይስማማም፤ የተሰበረውን ማሸትና መጫን የአጥንቱን ስለት ወደ ሳንባ ሊሰድደው ይችላል። ደረትን በመቀነት አጥብቆ ማሰርም ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግሥ ትንፋሽን ያሳጥራል፤ አክታ በሳንባ ውስጥ ይጠራቀምና የሳንባ ምች ያስከትላል። ይልቁንም ሐኪሙ ያዘዘውን የሕመም ማስታገሻ ወስዶ በየሰዓቱ ጥቂት ጊዜ በጥልቅ መተንፈስ፣ ሲያስሉም ትራስ በደረት ላይ ማቀፍ ይሻላል።

ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደም የሚያስለው፣ ወይም በግራ ታችኛው ጎድኑ ተመትቶ ራሱን የሚያዞረው ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ በዚያ ጎድን ሥር ጣፊያ አለና የተቀደደ እንደ ሆነ ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጭ አይታይም።