«ሳይንቲስት» እና ያልተወደደችው ቅጥያ

ፈረስ የሚጋልበው ፈረሰኛ፣ ጋዜጣ የሚጽፈው ጋዜጠኛ ይባላል። ያቺው «ኛ» ግን ወሬ ላይ ስትቀጠል ወሬኛ፣ ነገር ላይ ስትቀጠል ነገረኛ ታደርጋለች። ስለዚህ እንግሊዞች «ሳይንቲስት» በሚለው ቃል ለምን ፊታቸውን እንዳጨማደዱ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አይከብድም።

እ.ኤ.አ. በ1833 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ካምብሪጅ ላይ ጉባኤ ተቀምጦ ነበር። ከዋክብት የሚቆጥረውም፣ ድንጋይ የሚመረምረውም ተሰብስቧል፤ የጋራ መጠሪያ ግን የላቸውም። «ፈላስፋ» እንባል እንዳይሉ ባለቅኔው ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ ስሙ አይገባችሁም አላቸው። የካምብሪጁ ሊቅ ዊልያም ሂዌል ታዲያ መላ አመጣ፦ ከአርት አርቲስት ከወጣ፣ ከሳይንስስ ሳይንቲስት ቢወጣ?

በዓመቱ ሂዌል የሜሪ ሶመርቪልን የሳይንስ መጽሐፍ ኳርተርሊ ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ ሲገመግም ይህንኑ አነሣ። ስሙን ሳይጠቅስ፣ ሐሳቡን ያመጣው «አንድ ብልህ ሰው» ነው አለ፤ ራሱን ማለቱ ነው! «ኢስት» እንግዳ ቅጥያ አለመሆኗን ለማስረዳት የጠራቸው ምስክሮች ደግሞ ያስቃሉ፦ ኢኮኖሚስቱ፣ እግዜርን የሚክደው ኤቲስትና ሳያውቅ አወቅሁ ባዩ ሳዮሊስት። በእንዲህ ያለ ጉባኤ መሀል መቀመጥ ማን ይወዳል? ቃሉ እንዳልተወደደም እዚያው ጽፏል።

«ሳይንስ» እና «ኢስት» ሲጋጠሙ «ሳይንሲስት» መስጠት ነበረባቸው። «ት»ን ያመጣት ዕውቀት የሚል ፍቺ ያለው የላቲኑ «ስኪየንቲያ» ነው። ቅጥያዋ ግን ዘሯ ከግሪክ ነው፤ ቃሉ ድቅል ነው።

ሂዌል አልተሸነፈም። በ1840 በራሱ ስም ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉን መልሶ አመጣ፤ «ፊዚሲስት» የሚልም ጨመረለት። «አኖድ» እና «ካቶድ» የሚሉትን ቃላት ከሂዌል በደስታ የተቀበለውን የኤሌክትሪክ ተመራማሪ ማይክል ፋራዴይን ግን «ፊዚሲስት» ለአፉም ለጆሮውም አልተመቸውም። በ1894 እንኳ የሥነ ሕይወት ሊቁ ቶማስ ሃክስሊ «ሳይንቲስት»ን በኤሌክትሪክ መግደልን ከሚጠራው ቃል ጋር እኩል አስጠሊ ነው ብሎ ነበር።

አማርኛ ቃሉን ከነቅጥያው ወሰደው። ጋዜጠኛን የሠራችልን «ኛ» እዚህ ሥራ ፈታለች። ዛሬ አንዱ ተነሥቶ «ሳይንሰኛ» እንበል ቢለን፣ ሂዌል ያያቸውን የተጨማደዱ ፊቶች እኛም የምናሳየው ይመስለኛል።