ደጋን በብርድ አገር

በሚኒሶታ አጋዘን በደጋን የሚታደንበት ወቅት የሚዘጋው ዲሴምበር 31 ነው። ማብቂያው ከከባዱ ብርድ ጋር ስለሚገጥም ለጥገና የሚመጡልኝ የእንጨት ደጋኖችም በዚያው ሰሞን ይበዛሉ። ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ «ብርዱ ሰበረብኝ» ይሉኛል። ስብራቱ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በቂ እርጥበት ያለው እንጨት ከአቅሙ በላይ ሲለጠጥ መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ጀርባው ላይም ረጃጅም ስንጣሪ ያነሳል። የደረቀው ምልክት ሳይሰጥ በአንዴ ይበጠሳል፤ ስብራቱም አጭርና ጥርት ያለ ነው። እንዲህ ያለውን ሳይ ደጋኑ ቤት ውስጥ የት ተሰቅሎ እንደከረመ እጠይቃለሁ።

መልሱ ሳሎን ነው፤ ይባስ ብሎም ከማሞቂያው በላይ። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር ሊይዝ የሚችለው ውሃ አንድ ግራም ያህል ነው። ያው አየር ቤት ገብቶ እስከ 20 ዲግሪ ሲሞቅ 17 ግራም የመያዝ አቅም ያገኛል። የጎደለውን ከከንፈራችን፣ ከወለሉ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ደጋንም ይመጥጣል። የክፍሉ አንጻራዊ እርጥበት 50 በመቶ ሲሆን እንጨት ከደረቅ ክብደቱ 9 በመቶ ያህል ውሃ ይዞ ይረጋል፤ ክፍሉ ወደ 20 በመቶ ሲወርድ የእንጨቱ ከ5 በታች ይሆናል። ሂኮሪ የተባለው እንጨት ድርቀትን ከብዙዎቹ በተሻለ ይችላል። ዪው በተባለው እንጨት ላይ ግን ድርቀቱም ብርዱም ይበረቱበታል፤ የዪው ደጋን ያለው ሰው ውርጭ በዋለበት ቀን ባይተኩስበት እመርጣለሁ።

ደንበኞቼን ሁሉ የምለምነው የወጥ ቤት ሚዛን እንዲጠቀሙ ነው። ማሞቂያው ሳይለኮስ፣ በኦክቶበር፣ ደጋኑ አውታሩ ወልቆ ይመዘንና ቁጥሩ ይጻፍ። ያኔ 600 ግራም የነበረው በጃንዋሪ 580 ቢመዝን 20 ግራም ውሃ ወጥቶበታል ማለት ነው፤ እንዲህ የሆነውን ደጋን እስከ መጨረሻው መሳብ አይገባም። ማስቀመጫው ከማሞቂያ የራቀ፣ የማይረጥብ ቤዝመንት ቢሆን ጥሩ ነው፤ አውታሩ ወልቆ በሁለት የእንጨት ችካሎች ላይ ይጋደም። በ1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ ብቻውን ከጫካ የወጣው የያሂ ተወላጅ ኢሺም፣ ወዳጁ ሐኪሙ ሳክስተን ፖፕ እንደጻፈው፣ ተወጥሮ ወይም ቆሞ የቀረ ደጋን ይደክማል ብሎ ያምን ነበር። እኔም ቆመው የከረሙትን ሳይ እናደዳለሁ።

ብርዱ ራሱም ቀላል አይደለም፤ የቀዘቀዘ እንጨት ይደድራል። ይህን ከአርክቲክ ሕዝቦች በላይ የሚያውቅ የለም። ዛፍ በሌለበት አገር ባሕር ተፍቶ ባመጣው ግንድ ሲሠሩ፣ የተገመደ ጅማት በደጋኑ ጀርባ ላይ ደጋግመው ያስሩ ነበር። ሙጫ ሳያስፈልገው፣ በመታሰሩ ብቻ የሚይዝ ነው። ገመዱን በአጥንት ወይም በዋልረስ ጥርስ በተሠራ ትንሽ መጠምዘዣ እያከረሩ ወይም እያላሉ ውጥረቱን ይመጥኑታል። ሸክሙ ገመዱ ላይ ስለሚያርፍ ደካማው እንጨት ይተርፋል። እንዲህ ያለ ብልሃት ባየሁ ቁጥር ሙያዬን እወደዋለሁ።

የእኛ አዳኝ ያ ገመድ የለውም፤ እንጨቱን ቀስ ብሎ ማንቃት አለበት። ዛፍ ላይ አንድ ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ ፍላጻው አውታሩ ላይ እንዳለ መጀመሪያ ሩብ፣ ቀጥሎ ግማሽ ድረስ ይሳብና በዝግታ ይመልስ። ሙሉ ስቦ አይቆይ። ወፍራም ኮት አውታሩን ስለሚጠልፍ የክንድ መከላከያው ከኮቱ በላይ ይታሰር።

ማታ ሲመለስ ደጋኑ ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ ይደር። በቀጥታ ሳሎን ከገባ ጤዛ ይለብሳል፤ ጅማት በቆዳ ሙጫ የተለጠፈበት ከሆነ ሙጫው ይላላል። ደርቆ ለመጣልኝ ደግሞ ችኮላ አይሠራም። ውሃ አይቀባም፣ እንፋሎትም አይነካውም። እርጥበቱ 50 በመቶ ያህል የሆነ ክፍል ውስጥ ይጋደማል፤ በየጥቂት ቀኑ እመዝነዋለሁ፤ ክብደቱ ወደ ኦክቶበሩ ቁጥር እስኪጠጋም አውታር አላስርበትም።