የጉበት ነቀርሳን አካሄድ ከጂኖች ማንበብ ይቻላልን?

በጉበቱ ላይ ነቀርሳ መኖሩ የተነገረው ሕመምተኛ ሐኪሙን አስቀድሞ የሚጠይቀው «እድናለሁ ወይ?» ብሎ ነው። ሐኪሙም መልስ ለመስጠት የዕጢውን መጠንና ቁጥር፥ ወደ ደም ሥር መግባት አለመግባቱን፥ የቀረው ጉበት ሥራውን መቻሉንና የሕመምተኛውን አቅም ይመረምራል። ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ እኩል ከሆኑ ሁለት ሰዎች አንደኛው ከብዙ ዓመት በኋላ በጤና ሲገኝ፥ ሁለተኛው በጥቂት ወራት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የዚህ ልዩነት ምክንያት በጂኖች ውስጥ ተጽፎ ይገኝ እንደ ሆነ፥ ከተገኘም ምን ያህል ልንተማመንበት እንደምንችል በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የበሽታው አነሣሥ

በ2022 በዓለም ላይ 866,000 ያህል ሰዎች በጉበት ነቀርሳ ተይዘዋል፤ በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ የሞቱት 758,000 ያህል ናቸው። የሁለቱ ቁጥሮች መቀራረብ የበሽታውን ክፋት ያሳያል። ከዚህ ነቀርሳ አብዛኛው የሚነሣው ከራሳቸው ከጉበት ሴሎች ነው። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶችም የሄፓታይተስ ቢ እና የሄፓታይተስ ሲ ቫይረሶች፥ የአልኮል መጠጥ፥ በጉበት ውስጥ የሚከማች ስብ፥ እንዲሁም በሻገተ እህልና ለውዝ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ናቸው። እነዚህ ነገሮች ጉበትን ለብዙ ዓመታት ሲያቆስሉ፥ ቁስሉም ሲሽር ጠባሳ እየተከማቸ ሲሮሲስ የሚባለው ሕመም ይመጣል። ሴሎቹም ደጋግመው ሲሞቱና ሲተኩ በጂኖቻቸው ላይ ስሕተት ይጠራቀማል።

፪. ሦስት ዓይነት ምልክቶች

ስለ ጂን ምልክት ሲነገር ብዙ ጊዜ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ይደባለቃሉ፤ ስለዚህ ለይተን እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው የበሽታውን መነሻ የሚናገር ምልክት ነው። ፒ 53 የሚባለው ፕሮቲን የተበላሸ ሴል እንዳይባዛ የሚከለክል ዘበኛ ነው። በ1991 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች፥ አንዱ ከደቡባዊ አፍሪካ፥ ሌላው በቻይና ከምትገኘው ከኪዶንግ የተወሰዱ ዕጢዎችን መርምረው፥ በዚህ ፕሮቲን ጂን ላይ በ249ኛው ቦታ አንዲት ፊደል ተለውጣ በተደጋጋሚ አገኙ። በዚህም ለውጥ አርጂኒን በሴሪን ይተካል። ሁለቱም አገሮች አፍላቶክሲን የበዛባቸው ስለ ነበሩ፥ ለውጡ መርዙ ትቶት የሄደ አሻራ መሆኑ ታወቀ። በ2000ም ይኸው አሻራ በጋምቢያ ከሰዎች ደም ውስጥ ተገኝቷል።

ሁለተኛው የበሽታውን ወደፊት አካሄድ የሚያመለክት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሕመምተኛው በየትኛው መድኃኒት እንደሚጠቀም የሚያመለክት ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ በ2009 የታተመ አንድ ጥናት ያስረዳናል። ተመራማሪዎቹ ዕጢያቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸውን 455 ሕመምተኞች መርምረው፥ ማይክሮ አር ኤን ኤ 26 የተባለው ትንሽ ሞለኪውል በዕጢያቸው ውስጥ ያነሰባቸው ሰዎች ዕድሜያቸው አጭር መሆኑን አዩ። ሆኖም ኢንተርፌሮን በተባለው መድኃኒት ይበልጥ የተጠቀሙት እነዚሁ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ መጥፎ ወሬ የሚናገረው ምልክት የመዳኛውን መንገድ ሊጠቁም ይችላል ማለት ነው።

በሥራ ላይ የዋለውን ምልክት ብንጠይቅ፥ ጥንታዊውን አልፋ ፌቶፕሮቲን እናገኛለን። የዚህ ፕሮቲን ጂን በፅንስ ጊዜ ይሠራል፤ ከልደት በኋላ ያንቀላፋል፤ ነቀርሳ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ እንደገና ይነቃል። አቤሌቭ በ1963 በአይጦች፥ ታታሪኖቭም በ1964 በሰው ደም ውስጥ አገኙት። በ2019 በታተመ ጥናትም ራሙሲሩማብ የተባለው መድኃኒት፥ የዚህ ፕሮቲን መጠን በሚሊ ሊትር ደም 400 ናኖግራምና ከዚያ በላይ ለሆነባቸው ሕመምተኞች ተሰጥቶ የመካከለኛ ዕድሜያቸው ከ7.3 ወር ወደ 8.5 ወር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ቀደም ሲል ያለ ምርጫ ለሁሉም ሲሰጥ ይህን ያህል እንኳ አላስመሰከረም ነበር።

፫. ከዕጢው ይልቅ ጎረቤቱ

ከሁሉም ይበልጥ ያስደነቀን በ2008 የታተመው የሆሺዳና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በሰም ተጠብቀው የቆዩ፥ አንዳንዶቹ ከ20 ዓመት በላይ የሆናቸውን የጉበት ቁራጮች መረመሩ። ከዕጢው የተገኘው የጂኖች ሥራ ስለ ሕመምተኞቹ ዕድሜ ቁም ነገር የሚሆን አልነገራቸውም። ከዕጢው አጠገብ ያለው ነቀርሳ የሌለበት ጉበት ግን ተናገረ። በ82 ጃፓናውያን ላይ የተገኘውን የ186 ጂኖች ምልክት በ225 የአሜሪካና የአውሮፓ ሕመምተኞች ላይ ቢፈትኑት እዚያም ሠራ።

ይህ እንዴት ይሆናል? ምስጥ የገባበትን ቤት እናስብ። ባለቤቱ የተበላውን ምሰሶ ነቅሎ በሌላ ቢተካ፥ ቤቱ ይቆይ ወይም ይፍረስ የሚወስነው የተጣለው ምሰሶ ሳይሆን ምስጡ በቀሩት ውስጥ መኖር አለመኖሩ ነው። የጉበት ነቀርሳም ከቀዶ ጥገና በኋላ የሚያገረሸው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚመለሰው በአብዛኛው ከዚያው ዕጢ ያመለጡ ሴሎች ዘር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ ከታመመው ጉበት አዲስ የበቀለ ሌላ ነቀርሳ ነው። ዕጢውን ብቻ የሚመረምር ሰው ይህን ሁለተኛውን አያየውም።

፬. ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የጂን ምርመራ የሕመምተኛውን ዕድል ቆጥሮ ይሰጣል ብንል ስሕተት ይሆናል። በመጀመሪያ፥ በአንድ ዕጢ ውስጥ እንኳ ሴሎቹ ልዩ ልዩ ስለ ሆኑ ከአንድ ጥግ የተወሰደ ቁራጭ ስለ ሌላው ጥግ ላይመሰክር ይችላል። ሁለተኛም፥ በሺህ ከሚቆጠሩ ጂኖች መካከል የፈለገ ሰው በአጋጣሚ የሚስማማ ጥቂት አያጣም፤ ስለዚህ በሌሎች ሕመምተኞች ላይ ያልተፈተነ ምልክት አይታመንም።

ሦስተኛው እኛን ይበልጥ የሚነካ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ከሄፓታይተስ ቢ የሚነሣና በጎልማሳነት ዕድሜ የሚይዝ ነው፤ ምልክቶቹ ግን በብዛት የተጠኑት በሌሎች አገሮች ሰዎች ላይ ነው። ከቶኪዮ የተገኘ መለኪያ በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ያለውን ሕመምተኛ ልክ እንደሚናገር ያለ ምርመራ ልንገምት አይገባንም። ባልተፈተነ ቁጥር ተስፋውን የቆረጠ ሰው፥ ባልተፈተነ መድኃኒት ከተጎዳ ሰው ያነሰ አልተጎዳም።

መደምደሚያ

እንግዲህ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን «በከፊል ይቻላል» የሚል ነው። ጂኖች የበሽታውን መነሻና የጉበቱን ሁኔታ ይነግሩናል፤ የአንድን ሰው መጨረሻ ግን በእርግጠኝነት አይነግሩንም። ደግሞም ከትንበያ መከላከል እንደሚበልጥ መርሳት የለብንም። ታይዋን በ1984 ሕፃናትን ለሄፓታይተስ ቢ መከተብ ከጀመረች በኋላ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ነቀርሳ ወደ እኩሌታ ገደማ ወርዷል። በአገራችንም ይህ ክትባት ከ2007 ጀምሮ ለሕፃናት በሚሰጡት ውስጥ ይገኛል። ያልተከተቡት ታላላቆቻችን ግን ገና ብዙ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የሚሠራ ምልክት መፈለግም ለዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች የሚገባ ሥራ ይመስለናል።