የገጠር ፖሊስና የባልና ሚስት ጠብ፤ ማብረድ ከማስታረቅ ስለ መለየቱ

በአማራ ገጠር በሌሊት ኡኡታ ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። የመጣው ሌባ ወይም አውሬ እንደ ሆነ ወደ ኋላ የሚል የለም። ጩኸቱ ባሏ የሚመታት ሴት ጩኸት መሆኑ በታወቀ ጊዜ ግን የብዙው ሰው ርምጃ ከደጃፉ ላይ ይገታል። ነገሩ ገበና ነውና፤ ገበና ማለትም ቤተ ሰቡ በውስጡ ሊሸፍነው የሚገባ፣ ቢገለጥ ባልንም ሚስትንም ወላጆቻቸውንም የሚያሳፍር ጕዳይ ማለት ነው። የገጠር ፖሊስ የሚደርሰው እንግዲህ ጎረቤት ከቆመበት ከዚሁ ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚገባ፣ ገብቶም ምን እንደሚያደርግ ማስተማር ሕግን ከማስጠናት አልፎ የባህል ጥናት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

እንዲህ ያለው ጠብ በልማዱ ሰሚ ያጣ አልነበረም። ሚዜ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ለሙሽራዪቱ እንደ ወንድም ስለሚቈጠር፣ በደል ሲደርስባት ትጠራዋለች። የነፍስ አባትም ይገሥጻል። ሚስት አኩርፋ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹም ነገሩን ሰምተው ካሳ ያስከፍላሉ፣ ዳግመኛ እጁን እንዳያነሣባት ዋስ ያስጠራሉ። የዚህ ሥርዓት ብልኀት የሚናቅ አይደለም፤ ኩርፊያ ራሱ ተጣዪዎቹን አራርቆ ቍጣ የሚበርድበትን ቀን ይሰጣል። ጕድለቱ የሚመጣው ከዓላማው ነው። ሽማግሌ በመጀመሪያ የሚቀመጠው ትዳር እንዳይፈርስ ነው፤ የሴቲቱ ደኅንነትና የትዳሩ መጽናት በተጋጩበት ቀን የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ ትዳሩ ነው።

ሕጉ በበኩሉ ሩቅ ሄዷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው ቍጥር ባልን የቤተ ሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በትዳር አስተዳደር እኩል አደረጋቸው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኀይል ሥራ ለይቶ ጠቀሰው። ሆኖም በ556ኛው አንቀጽ መሠረት ቀላል የአካል ጕዳት በመሠረቱ የሚያስቀጣው ተበዳዩ አቤት ሲል ነው። ፖሊሱ በባል ፊት «ትከሺዋለሽ ወይስ ትታረቂያለሽ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ጠያቂው ወደ ጣቢያው ይመለሳል፣ እርስዋ ግን እዚያው ታድራለች።

በአሜሪካ የተደረገው ሙከራ ለዚህ ነገር ብርሃን ይሰጣል። በኒው ዮርክ ሞርተን ባርድ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 18 ፖሊሶችን በቤተ ሰብ ጠብ አያያዝ ለ160 ሰዓት አሠለጠነ። ዘዴው ወደ ሌሎች ከተሞች በተስፋፋ ጊዜ፣ ፖሊሱ ራሱን አስታራቂ አድርጎ ስለ ቈጠረ ድብደባው ወንጀል መሆኑ ተዘነጋ የሚል ነቀፌታ ተነሣበት። በ1981 እና በ1982 በሚኒያፖሊስ ሸርማንና በርክ ባደረጉት ጥናት ደግሞ፣ የታሰሩት ወንዶች ከተመከሩትና ለጊዜው ከቤት ከተሸኙት ይልቅ ዳግመኛ መማታታቸው አነሰ። ጥናቱ በሌሎች ከተሞች ሲደገም ግን ውጤቱ አንድ አልሆነም፤ እንዲያውም በሚልዋኪና በኦማሃ ሥራ የሌላቸው ከታሰሩ በኋላ ባሱ።

የገጠር ፖሊስ ሊማር የሚገባው እንግዲህ ማብረድን ነው፤ ማብረድ የዚያችን ሌሊት አደጋ ማሳለፍ እንጂ በትዳሩ ላይ መፍረድ አይደለም። ከውጭ «ቤቶች!» ብሎ መጣራትን፣ ባልየውን «አያ እገሌ» ብሎ በአክብሮት ማነጋገርን፣ ሳይዋረድ የሚያፈገፍግበትን መንገድ መተውን ያገሩ ጨዋነት አስቀድሞ አስተምሮታል። ሌላው ግን ልምምድ ይፈልጋል። ጎጆው ብዙ ጊዜ አንድ በር ብቻ ስላለው በሩን ዘግቶ እንዳይቆም፣ ባልየውን መጥረቢያና ማጭድ፣ ምናልባትም ጠመንጃ ካለበት ማዕዘን አርቆ እንዲያስቀምጠው፣ የሚነደውን ምድጃ እንዲያስተውል ያስፈልጋል። ይህም በጥቍር ሰሌዳ ፊት ሳይሆን በእውነተኛ ጎጆ ውስጥ ቢለመድ ይሻላል።

አጠያየቁም እንዲሁ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከቀረቡት ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች ከመቶ 63፣ ወንዶች ከመቶ 28 ነበሩ። ስለዚህ «በድሎሻል ወይ?» የተባለች ሴት «ጥፋቱ የኔ ነው» ልትል ትችላለች። ብቻዋን ሆና «በምን መታሽ? የት ላይ? ከዚህ በፊትስ?» ብትባል ግን የምትናገረው ሌላ ነው።

የሚከብደው ማን ይውጣ የሚለው ነው። ልማዱ የሚያስወጣው ሴቲቱን ነው፤ በሌሊት፣ ሕፃን አዝላ፣ እህሏን ጥላ። ባልየው ከዘመዱ ቤት እንዲያድር ማግባባት የሥልጠናው ትልቁ ክፍል ሊሆን በተገባ። ፖሊሱ የባልየው ዘመድ ወይም አበ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ሊላክ ይገባል። በማግስቱ ሽማግሌ ቢቀመጥ መከልከል አይቻልም፣ አያስፈልግምም። ነገር ግን ፖሊሱ ያየውን ጕዳት በመዝገብ አስፍሮ ከዕርቁ በኋላ መመለስ፣ ሲመለስም ዋሱን ብቻ ሳይሆን ሴቲቱን ራስዋን መጠየቅ አለበት። ለዚህም የሚመቸው ባልየው ወደ እርሻ የወጣበት ወይም እርስዋ ውሃ ልትቀዳ የወረደችበት ሰዓት ነው።